የባጃጄ ካሳና መሐላዬ

ከሚሴ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ለተሰበረችው ባጃጄ ካሳ ልጠይቅ ኢንሹራንስ ቢሮ ሄድሁ። ጸሐፊዋ የፖሊስ ሪፖርት ያምጡ አለችኝ። የለኝም። ጎረቤቴ ሁሴን ባጃጄን በአይሱዙው የገጫት ዕለት ሽማግሌዎች ገብተው አስታረቁን። ኢንሹራንስ አለኝ ብዬ ካሳውን ማርሁት፤ ፖሊስ ጋ ላልሄድም በቁርአን ማልሁ። ይህንኑ ነገርኋት።

«እንግዲያው እማማ፣ ገጪው አልታወቀም ብለው ለፖሊስ ያመልክቱ» አለችኝ።

«እኔ ሐሰት መጻፍ አልተማርሁም።»

«ያለዚያ ባጃጇን የዶሮ ማደሪያ ያድርጓት!» ብላ ሳቀች።

ከባጃጇ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም። መሐላዬን ባፈርስ ደግሞ ሁሴን ይከሰሳል።

ስመለስ ሁሴን ከደጁ ብድግ አለ። «እትዬ፣ ካሱዎት?»

«አልሐምዱሊላህ» አልሁት።

የከፈሉኝ መስሎት እጄን ሳመ። እንደመሰለው ተውሁት።