በሐምሌ ያልተያዘችው ዝንብ

የካቲት 9

ቢሮ ዋልኩ። በውሃ ዳር የሚኖሩትን የአገሪቱን ካዲስ ዝንቦች ዝርዝር ላጠናቅቅ ጥቂት ነው የቀረኝ። መቶ ስድሳ ሁለት ስም... የቀረችው አክ ቡላክ መንደር ምንጭ ዳር የተገኘችው ናት። ዛሬም "አጋይ"፣ መምህሬ፣ የምላቸው አስተማሪዬ ኢሼንባይ ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት ስም አወጡላት፤ ከዚያ ወዲህ ያያት የለም። ያለችን አንዲት የደረቀች ሴት ዝንብ ብቻ፣ ክንፎቿ አጫጭር። የውጭ አገር አጥኚዎች "አካሏ የጎደለ ተራ ዝንብ ናት፣ ሰርዟት" ይላሉ። ወንዱ ሳይታይ ማን ይከራከራቸዋል? አንዱን ዝርያ ከሌላው የሚለየው የወንዱ ጅራት ጫፍ ነው።

ሰባት ዓመት በሐምሌ እየሄድኩ ፈለግኋት። ሰባቱንም ጊዜ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ዓይኔን አምነዋለሁ፤ ብትኖር አያመልጠኝም ነበር።

አጋይ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ያዝኑብኛል... ቢሆንም እሰርዛታለሁ።

የካቲት 17

እንደ ታላቅ እህት "ኤጄ" የምላት ቱርዱካን ደወለች። አክ ቡላክ ስሄድ የማርፈው እሷ ቤት ነው። የመንደሩ ትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ናት። ስለ ላሟ፣ ስለ ምራቷ አወራችኝና፦

"ያቺ ዝንብሽስ?"

"ተስፋ ቆረጥኩ። ልሰርዛት ነው።"

"ለመሆኑ መልኳ ምን ዓይነት ነው?"

"ቡናማ። ትሏ ውሃ ውስጥ ከጠጠር ቤት ትሠራለች። ስታድግ ክንፍ ታወጣለች፣ ግን አጭር..."

"ክንፏ አጭር ነው? እሷማ ይኸው በረዶው ላይ ፈሳለች!"

"ኤጄ! ሰባት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንቺ የጠየቅሽኝ ስለሚበር ነገር ነዋ! ይቺ በእግሯ ነው የምትሄደው።"

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ነገ ማለዳ እነሳለሁ።

የካቲት 19

እኩለ ቀን፣ ፀሐይ ፍንትው ብላለች። ምንጩ ዙሪያ በረዶው እስከ ጉልበት ይደርሳል። ቱርዱካን ኤጄ በቦቲዋ ጫፍ አሳየችኝ። አንዲት ቡናማ ነገር፣ የሆነ ቦታ የረፈደባት ይመስል ጥድፍ ጥድፍ ትላለች። ሌላም። ሌላም... አሥራ አንድ ያዝኩ። አራቱ ወንዶች!

ብልቃጥ ውስጥ ስከታቸው ጎንበስ ብላ እያየች፦

"ለዚያ ባለ ትልቅ ባርኔጣ መምህርም አንዷን ሰጥቼው ነበር። ሦስተኛ ክፍል ሆኜ። በረዶው ላይ ይዤ በክብሪት ሳጥን አስቀመጥኳት። ሙቀቱ ሲመጣ እሱም መጣ፣ ሰጠሁት። ባለ ሁለት ቀለም እርሳስ ሸለመኝ።"

የብልቃጡን ክዳን ሁለት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት።

"ምነው? ብርዱ ጠናብሽ?"

"አዎ... ብርዱ ነው።"

አጋይ ከደረቀችው ዝንብ ጋር ያያዙትን ወረቀት በቃሌ አውቀዋለሁ። "አክ ቡላክ፣ ሐምሌ 7፣ ሰብሳቢ ኢሼንባይ።"

የካቲት 23

የአንዱን ወንድ ጅራት ጫፍ ቀቅዬ አጠራሁና ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባሁ። ሁለት መንጠቆ፣ ጫፋቸው እንደ ሹካ የተሰነጠቀ። እንዲህ ያለ የትም አላየሁም። ሴቷን ከአጋይ ሴት ጎን አስቀመጥኳት። አንድ ናቸው። አጋይ ልክ ነበሩ!

ግን በሐምሌ አልያዟትም። በሐምሌ ገና ትል ናት። ያን ሁሉ ዓመት በከንቱ ያመላለሰን ያ ወረቀት ነው።

ዝም ብዬ ወንዱን ብቻ ብገልጽስ? ማን ያውቃል? እኔ አውቃለሁ። እጽፈዋለሁ። ግን አስቀድሜ ለራሳቸው እነግራቸዋለሁ።

የካቲት 26

አጋይ ቤት። የሳልኩትን የመንጠቆዎቹን ሥዕል ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "አላልኳችሁም! ጎደሎ ዝንብ ናት ብለው ተሳለቁብኝ!" ሻዩን በራሳቸው እጅ ቀዱልኝ። ደስታቸውን ማቋረጥ ከበደኝ...

"አጋይ፣ የክብሪት ሳጥኑስ?"

ኩባያቸውን አስቀመጡ።

"ማን ነገረሽ?"

"ልጅቷ። አሁን አያት ሆናለች።"

"አንዲት ሕፃን በክብሪት ሳጥን አመጣችልኝ ብዬ ብጽፍ ማን ያምነኝ ነበር?"

"ቀኑንስ? ቢጠይቋት ትነግርዎት ነበር እኮ።"

"በስተርጅና ልታዋርጂኝ ነው የመጣሽው፣ ቡሩል?"

"እጽፈዋለሁ፣ አጋይ። ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው የመጣሁት።"

"ውጪልኝ።"

ወጣሁ። ትክክል ነኝ። ትክክል መሆን እንዲህ ያማል?

መጋቢት 12

ኖውሩዝ፣ የፀደዩ አዲስ ዓመት። በየዓመቱ እሳቸው ቤት ነበር የማከብረው። ዘንድሮ አልተጠራሁም።

ሚያዝያ 3

ጽሑፉን ጨረስኩ። ለመጽሔቱ ልልከው ስል ስልኩ ጮኸ። አጋይ። ሰላምታ እንኳ የለም።

"አለቀ?"

"አልቋል።"

"ሳትልኪው አምጪው።"

ፈራሁ? አልፈራሁም። ትንሽ።

ሚያዝያ 4

ሁለት ሰዓት ሙሉ በአጉሊ መነጽር አነበቡት። እኔ መስኮት መስኮቱን አያለሁ።

"የቅርብ ዘመዶቿ ወንዶች ሁሉ አላቸው፤ የግራው መንጠቆ ሥር እሾህ መኖር አለባት። እዚህ የለችም።"

"አጋይ፣ እሾህ የለውም።"

"አራቱንም አይተሻል?"

አንዱን ብቻ ነበር ያየሁት... ገጹን ገለጡ። ስለ ሐምሌው ወረቀት ከጻፍኩት ደረሱ። አልተቆጡም። ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ።

"'ከአካባቢው ነዋሪ የተገኘች' ይላል። ነዋሪዋ ስም የላትም?"

"ቱርዱካን..."

"የማን ልጅ?"

አላውቅም። ሰባት ዓመት እንጀራዋን በልቻለሁ፣ አልጋዋ ላይ ተኝቻለሁ። የአባቷን ስም ጠይቄ አላውቅም።

"እኔም አልጠየቅኳትም ነበር" አሉ። ሻይ ቀዱልኝ።

ሚያዝያ 5

እሾኋ አለች። በሦስቱ ላይ በደንብ ትታያለች። የመጀመሪያውን ስቀቅል ሰብሬያት ኖሯል።

ቱርዱካን ኤጄ ጋ ደወልኩ።

"የአባትሽ ስም ማን ነው?"

"ምነው? ልትከሺኝ ነው?"

ስሟ ጽሑፉ ላይ እንደሚወጣ ስነግራት ሳቋን አቆመች። "ኩባት" አለች። "በደንብ አድርገሽ ጻፊው፣ እሺ? ኩባት።"

ግንቦት 20

ጽሑፉ ወጣ። አጋይ ለጎረቤቱ ሁሉ እያሳዩ ነው አሉ፣ የእሳቸው ስህተት ያለበትን ገጽ ሳይቀር።

ዛሬ መሳቢያዎቼን ከፈትኩ። የሃያ ሁለት ዓመት ብልቃጥ፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ። "ከነዋሪ የተገኘ።" "ከሾፌር የተገኘ።" "ከድልድይ ጠባቂ የተገኘ።" ስም የሌላቸው አሥራ ዘጠኝ ቆጠርኩ።

ስድስት ቦታ ደወልኩ። የሁለቱን ስም አገኘሁ። የድልድይ ጠባቂው ሞቷል፤ ስልኩን ያነሳችው ሚስቱ ናት። ስሙን ስትነግረኝ ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብላ ነው።