የአያናውን ዲፈረንሻል ላጠባችሁልኝ ክቡራን

ለ«አራት ጎማ» የሬዲዮ ቡጊ ማኅበር የቴክኒክ ኮሚቴ፤
በተለይም ለክቡር ሊቀ መንበሩ ለአቶ አበባው፤
ረሆቮት።

ክቡራን ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ፣ ወገባችሁ በሥራ ጠረጴዛ ላይ ከመጎንበስ፣ ዓይናችሁም መሬት ላይ የወደቀ ብሎን ከመፈለግ ጥቂት እንዲያርፍላችሁ፣ ጣቶቻችሁም የሰው ንብረት ለመፍታት ያላቸው ብርታት እንዳይጎድልባቸው ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሰው ሲጠይቀኝ በዕብራይስጡ «ቤሰደር»፣ ሁሉ ደህና፣ እላለሁ፣ ጠያቂውም ደስ ብሎት ይሄዳል።

ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአማርኛ ጽፌ የለጠፍኩት፣ ዕብራይስጥ ሊቀ መንበሩንም የአውቶቡስ ሹፌሩንም እኩል «አንተ» ስለሚል፣ ለእናንተ የሚመጥን አክብሮት ላገኝበት ባለመቻሌ ነው። ከኮሚቴው አባላት መካከል ፊደሉ የሚያስቸግራቸው ወጣቶች ካሉ ወላጆቻቸው እንዲያነቡላቸው በትሕትና አሳስባለሁ፤ ወላጆቻቸው ደግሞ የምለው ነገር በደንብ ይገባቸዋል።

ሰሌዳው አጠገብ በአጋጣሚ ለቆመና ለማያውቀኝ ሰው፣ ማናለሽ እባላለሁ። ባለፈው ክረምት ሥራ ላይ እያለ ልቡ ቀጥ ያለበት የአያናው ሚስት ነኝ። ከክፋር ማርሞሬክ ጫፍ፣ ከአሮጌው የብርቱካን ማሳ ጀርባ ባለው የአፈር ሜዳ ላይ፣ ቡጊ የምንላትን፣ በሬዲዮ ከሩቅ የምትነዳ ክንድ የምታህል መኪናችንን እሱ ይሠራ ነበር፣ እኔ እነዳ ነበር። ብዙዎቻችሁ እሱ ነጂ፣ እኔ ውኃ አቀባይ እመስላችሁ እንደነበር አውቃለሁ፤ አልተቀየምኩም።

ነገሩ ስለ ዘይት ስለሆነ ጥቂት ላብራራ። አራቱም ጎማዎቿ የሚጎትቱ ቡጊ ሦስት ዲፈረንሻል አላት፤ የፊት፣ የመሃልና የኋላ። በየሳጥኑ ውስጥ ማርሾቹ በዘይት ተውጠው ይዞራሉ። ዘይቱ ከወፈረ ጎማዎቹ ተያይዘው ይሄዳሉ፣ ከቀጠነ እያንዳንዱ እንደ ልቡ ይሆናል። በየትኛው ሳጥን የትኛው ዘይት ይግባ የሚለው ጥያቄ ማኅበራችንን ሁለት ጊዜ ሊያፈርስ የደረሰ ጥያቄ ነው፤ ይህን ክቡርነትዎ ከእኔ ይበልጥ ያስታውሳሉ፣ ሁለቱንም ጊዜ ይጮኹ የነበሩት እርስዎ ነበሩና።

አያናው በዚያ ጭቅጭቅ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። እኔ ስነዳ እሱ መኪናዋን ሳይሆን ጣቴን ነበር የሚያየው። እኔ ከመታጠፊያው ሳልወጣ የመቆጣጠሪያውን የፍጥነት ምላጭ የምስብ ችኩል ነኝ። ስለዚህ የመሃሉን ዘይት አቀጠነው፤ ቀድሜ የሰጠሁትን ትርፍ ኃይል የፊት ጎማዎቹ በከንቱ ዞረው እንዲጨርሱት፣ መኪናዋም ዞራ እንዳትገለበጥ። የፊቱን አወፈረው፤ ስደነግጥ መሪውን ስለምወዘውዝ። የኋላውን ደግሞ በሱቅ ከሚሸጡት ከሁለቱ መካከል አንዱም ስላልተስማማው፣ በባዶ የሕፃን ምግብ ጠርሙስ ውስጥ ሁለቱን ቀላቅሎ፣ በክብሪት እንጨት እያማሰለ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ሲንጠባጠብ እያየ «ይበቃል» እስኪል ድረስ ሠራው። ስንት በስንት እንደቀላቀለ ጠይቄው ነበር።

«ምን ያደርግልሻል፣ እኔ አለሁ አይደል» አለኝ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስላልጠየቃችሁኝ አመሰግናለሁ። በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ እንደማይጠየቅ የታወቀ ነው፤ ጎረቤት ይገባል፣ ያበስላል፣ ይጠርጋል፣ ያጥባል፣ ሐዘንተኛው ተቀምጦ ያያል፣ ሲጨርሱለትም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላል። በሰባቱ የለቅሶ ቀን ሴቶቹ ሸሚዞቹን ሁሉ አጠቡልኝ። አንሶላውን አጠቡት። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ኮፍያ ሳይቀር አጥበው በፀሐይ አሰጡት፣ ማታ ላሸተው ስሄድ ሳሙና ሳሙና አለኝ። አልተቆጣሁም፤ ደግ ሴቶች ናቸው፣ እኔም በሌላው ለቅሶ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ቡጊዋ ግን መደርደሪያ ላይ ስለነበረች ልብስ ናት ብሎ ያሰበ አልነበረም። እርሷን ለማጠብ ኮሚቴ አስፈለገ።

ክቡር ሊቀ መንበር፣ እርስዎ ከቴክኒክ ሠራተኛችን ከኒር ጋር ቤቴ መጥተው፣ በሙት ዓመቱ አዝካራ ማኅበሩ የመታሰቢያ ውድድር እንደሚያዘጋጅ፣ መኪናዋንም ከፎቶግራፉ አጠገብ ለማሳየት ብቻ እንደምትፈልጓት ሲነግሩኝ፣ በሁለት እጄ አንስቼ ሰጠኋችሁ። በውድድሩ ዕለት ጠዋት መልሳችሁ ስታስረክቡኝ እንዲህ አሉኝ።

«እህቴ፣ ሦስቱንም ዲፈረንሻል ፈትተን፣ አጥበን፣ አዲስ ዘይት ሞልተንልሻል። ያላ፣ በይ ንጂያት።»

እኔም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። ሌላ የሚባል ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ ፎቶግራፍ ስላነሳችሁ አመሰግናለሁ። በማኅበሩ የስልክ ቡድን ላይ «በፊት» እና «በኋላ» ብላችሁ የላካችሁትን ሁላችንም አይተናል። «በኋላ» በሚለው ማርሾቹ እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራሉ። «በፊት» በሚለው ደግሞ የአያናው ዘይት ነጭ የወረቀት ፎጣ ላይ ፈስሶ፣ በሥሩ «ይህን ጥቁረት እዩልኝ» ተብሎ ተጽፎበታል፣ ሰባት ሰው ስቆበታል። ፎጣው የት እንደተጣለ ኒርን ጠይቄው ነበር፤ ልጁ አሳዛኝ ነው፣ ፊቱ ቀላ፣ ቆሻሻ የሚወስደው መኪና በማግሥቱ መምጣቱን ነገረኝ። ፎቶግራፉን አላጠፋሁትም። ከሥራ ስመለስ ባቡር ውስጥ ከፍቼ በጣቴ አሰፋዋለሁ፣ ጣቢያው ሲደርስ እዘጋዋለሁ። እያየሁት ምንም አይሰማኝም። ይሰማኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በፍትሕ ልናገር። ዘይት እንደሚያረጅ አውቃለሁ። ማርሹ ሲፋጭ እንደሚጠቁር፣ ሙቀት ሲደጋገምበት እንደሚላላ፣ አንድ ቀን ሳጥኑ መከፈቱ እንደማይቀር አውቃለሁ። ኮሚቴው መኪናዋ ተበላሽታ ነበር ቢል ዋሽቷል አልልም። ግን አያናው ከሞተ በኋላ በየዓርቡ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ብቻዬን ሜዳው ላይ እየወጣሁ ስነዳት፣ እኔ ቀድሜ ምላጩን ስስብ እርሷ ቀድማ ታውቀው ነበር። መሪውን ስወዘውዝ አትሰማኝም ነበር። እኔ የምሳሳተውን ስሕተት ሁሉ አንድ ሰው አስቀድሞ አስቦበት፣ ዘግቶበት ሄዷል። በዚህ ዓለም ላይ እኔን እንዲህ የሚያውቀኝ ነገር የቀረው እዚያ ሦስት ሳጥን ውስጥ ነበር። የሚከፈትበትን ቀን እኔ ልቆርጠው ነበር። ይኸው ነው ጉዳዩ፣ ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ የለኝም።

ሦስተኛ፣ ስለ መረጣችሁልኝ ዘይት። ኮሚቴው ባለፈው ስብሰባው ለአባላቱ በሙሉ «ትክክለኛ» ብሎ ያጸደቀውን፣ ፊቱ መካከለኛ፣ መሃሉ ወፍራም፣ ኋላው ቀጭን የሆነውን ደንብ ስለሞላችሁልኝ ክብር ይሰማኛል። እንደምረዳው ይህ ደንብ ለረጅም ነጂና ለአጭር ነጂ፣ ለችኩልና ለዝግተኛ፣ ባል ላላትና ለሌላት እኩል የሚሠራ ነው። እኩልነት ጥሩ ነገር ነው።

አራተኛ፣ አሸነፍኩ።

ይህን በዝርዝር መጻፍ ባልፈልግም፣ ክቡርነትዎ በሄዱበት ሁሉ ስለሚያወሩት ሰው ከእኔም ይስማው። በወፍራም የመሃል ዘይት መኪናዋ ይበልጥ ትፈጥናለች፤ አጥብቃ ትይዛለች፣ ተስፈንጥራ ትወጣለች፣ ግን ምላጩን ቀድሞ የሚስብባትን ሰው ትገለብጠዋለች። ሁላችሁም በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ እስክገለበጥ ትጠብቁ ነበር። አልተገለበጥኩም። በእያንዳንዱ መታጠፊያ መኪናዋ እስክትወጣ ድረስ ጣቴን ያዝኩ። ሰው የተረጋጋሁ መሰለው። የምቸኩልበት ነገር ስላልነበረኝ ነው። ስጨርስ ጭብጨባ ሰማሁ፣ ዋንጫ ሰጣችሁኝ፣ ክቡርነትዎም ድምፅ ማጉያውን ይዘው ውጤቱ የኮሚቴውን ደንብ ትክክለኛነት እንዳረጋገጠና አያናውም ቢያይ ደስ እንደሚለው ተናገሩ። የአያናው ፎቶግራፍ አጠገብ ቆሜ ነበር። ማልቀስ የሚገባኝ ቦታ እንደሆነ አውቄ ጥቂት ጠበቅሁ፣ አልመጣም፣ ስለዚህ ከሰዉ ጋር አጨበጨብኩ።

እውነት ለመናገር ትክክል ናችሁ። መኪናዋ አሁን ትሻላለች። ይህንን ነው ይቅር ልላችሁ ያልቻልኩት። አበላሽታችኋት ቢሆን ኖሮ መጥቼ እጮህ ነበር፣ እናንተም ይቅርታ ትጠይቁ ነበር፣ ሁላችንም ወደ ቤታችን እንገባ ነበር። የተሻለ ነገር የሰጠን ሰው ምን ተብሎ ይከሰሳል? አስቤ አስቤ ስላጣሁት ነው ምስጋና የጻፍኩት።

ስለዚህ ኮሚቴው ለወደፊቱ የሌላ ሐዘንተኛ መኪና ሲያገኝ ይህንኑ በጎ ሥራ እንዲቀጥል አልከለክልም። ከመፍታታችሁ በፊት ግን ካቻቪቴውን አስቀምጣችሁ አንድ ጊዜ ስልክ ብትደውሉ፣ ባለቤቲቱ «ፍቱት» ልትላችሁ ትችላለች። እኔም ምናልባት እል ነበር። ማን ያውቃል፤ አልተጠየቅሁም።

ለኮሚቴው ረጅም ዕድሜን፣ ለማርሾቻችሁ ንጽሕናን፣ ለቤቶቻችሁም ማንም ሳይጠራው ገብቶ የማያጸዳው አንድ ማዕዘን እየተመኘሁ፣ ውለታችሁን ከፍዬ ልጨርሰው የማልችለው፣

የአያናው ሚስት ማናለሽ፣
ክፋር ማርሞሬክ።

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፦ ኮሚቴው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ከቤቴ ጀርባ ያለችውን የአያናውን የመሣሪያ ክፍል በነፃ ጠርጎ፣ ወልውሎና ደርድሮ ሊያስረክበኝ መወሰኑን ኒር በስልክ አብስሮኛል። መሣሪያዎቹን ለጀማሪዎች ስለሰጠሁ እዚያ ውስጥ የሚደረደር ነገር የለም። ጠረጴዛው ላይ አቧራ ብቻ አለ፣ እሱ እያለ ያረፈ አቧራ ነው። የበሩን ቁልፍ ቀይሬዋለሁ።