ስምሽን ከዋንጫው ላይ ስለ መንቀሌ

ወይንሸት፣ የቤቴ እመቤት፣

ከተለያየን ሦስት ፋሲካ አለፈ። ጤንነቴን ብትጠይቂኝ የሚያስቸግረኝ ጉልበቴ ብቻ ነው፤ ምላሴ ደህና ነው፣ እንዲያውም ብሶበታል ይላሉ። ቤቱ እንደተውሽው ነው። አንቺ ዘንቢልሽን ተሸክመሽ እያለከለክሽ ስትወጪ ተበላሽቶ ቆሞ የነበረው አሸንሶሬ፣ ሊፍቱ፣ አሁን ተጠግኗል። እኔ ግን አልገባበትም። ለአንቺ ያልሠራ ለእኔ ቢሠራ ምን ይረባኛል ብዬ በደረጃው እወጣለሁ። ልጃችን ሐና ኦስቲያ ባሕሩ ዳር ሥራ አግኝታ እዚያው ቤት ተከራይታለች። እሑድ እሑድ በባቡር ትመጣለች። ትመጣ ነበር ልበል፤ አሁን ተኳርፈናል። የተኳረፍነው በአንቺ ስም ስለሆነ ነገሩን ከሌላ ሳይሆን ከእኔ መስማት አለብሽ።

አንቺ ካረፍሽ በኋላ እዚህ ሮም ያሉት የእኛው ስደተኛ ልጆች በየበጋው ለሚያደርጉት የእግር ኳስ ውድድር ስምሽን ሰጡት። የወይንሸት ዋንጫ አሉት። ስምሽን በትንሽ የናስ ቁራጭ ላይ አስቀርጸው ከዋንጫው ግርጌ በብሎን አሰሩት። ከበጋ እስከ በጋ ዋንጫው እኛ ቤት ቡፌው ላይ ይቀመጥ ነበር። ይገባሻል። ፖንቴ ማሞሎ፣ የስደተኞቹ ባራካ ሰፈር ከመፍረሱ በፊት፣ በቆርቆሮና በካርቶን ቤት ይኖሩ የነበሩትን ልጆች ማሊያ እየሰበሰብሽ የምታጥቢው አንቺ ነበርሽ። ስለ ኳስ ምንም አታውቂም ነበር። መጀመሪያ ቀን በረኛውን አይተሽ፣ «ይኼ ልጅ ማን ሞቶበት ነው ለብቻው ጥቁር የለበሰው?» ያልሽውን እስካሁን እያነሡ ይሥቃሉ። በረኛው ሰናይ ነበር። ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል፤ አሁንም በረኛ ነው።

ዘንድሮ የሆነውን ልንገርሽ። ከቅዳሴ በኋላ የኮሚቴው ሊቀመንበር ግርማቸው፣ ያ ከረባት የማይለየው፣ ተነሥቶ «ቅዳሜ ማጣሪያ ይካሄዳል፣ ተጫዋች የሆነ ሁሉ እንዳይቀር» አለ። እኔ ማጣሪያ ሲባል የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ቡድኖች ይጋጠማሉ፣ ያሸነፈ ያልፋል። ባርኔጣዬን አደረግሁ፣ ተጣጣፊዋን ወንበር ያዝሁና በሜትሮ ሄድሁ። ሜዳው ላይ ኳስ የለም። አንድ ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው ኋላ ግርማቸውና ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ተጫዋቾቹ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ልናሳድስ እንደምንሰለፈው ተሰልፈው፣ አባታቸው የት እንደተወለደ ይጠየቃሉ። «ኳሱ የታለ?» አልሁ። አንዱ ሣቅ አለና፣ «ጋሼ፣ ማጣሪያው እኮ ይኼ ነው» አለኝ።

ሰው ነበር የሚያጣሩት። ቡድኖቹ ከዘንድሮ ጀምሮ በአባት አገር ተለይተው እንዲጫወቱ ተወስኗል። እናትና አባቱ ከሁለት ወገን የሆኑበት በአባቱ ይቆጠራል። ከድንበር ማዶ የመጡት ጭራሽ አልተጠሩም። ወገኑ ቡድን የማይሞላለት ደግሞ «ለጊዜው ይረፍ» ይባላል። አንቺ አርፈሻል፣ ነፍስሽን ይማረው። እነዚህን ግን በቁማቸው ነው የሚያሳርፏቸው።

የሰናይ ተራ ደረሰ።

«የየት ነህ?» አሉት።

«የፖንቴ ማሞሎ።»

«አትቀልድ። አባትህ የየት ነው?»

«አባቴን አላውቀውም። እናቴን ካላችሁኝ፣ ማሊያዬን ታጥብልኝ የነበረችው ሞታለች።»

ግርማቸው ቀና ብሎ አላየውም። «ለጊዜው ይረፍ» አለ፤ ቀጣዩን ጠራ።

ያን ጊዜ ሲኞር ሊዮ ትዝ አለኝ፤ እስኪሞት ድረስ ያስታመምሽው ጀርመናዊው አይሁዳዊ ሽማግሌ። ጢሙን ስትላጪው ስለ አባቱ የሚያወራልሽን ማታ ቤት ስትገቢ ጫማሽን ሳታወልቂ ትነግሪኝ ነበር። አባትየው የከተማቸው ቡድን የግራ ክንፍ ተጫዋች ነበር። አንድ ቀን ክለቡ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ጨዋ ደብዳቤ ነበር፣ ስላገለገለም አመስግኖታል፣ ከእንግዲህ ግን እንዳይመጣ ይላል። እኔ ይህን ሰምቼ መተኛት አቃተኝ። ትምህርት ቤት ሳልገባ ጋዜጣ እያነበብሁ በተማርሁት ጣሊያንኛ፣ ከቤተ መጻሕፍት ወፍራም መጽሐፍ ተውሼ፣ ክረምቱን ሙሉ ከመዝገበ ቃላት ጋር ታገልሁ። አንቺም፣ «ለኳስ መዝገበ ቃላት የሚያስፈልገው አንተን ብቻ ነው» ብለሽ ሣቅሽብኝ።

ያነበብሁትን ረስተሽው ከሆነ ላስታውስሽ። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት ዓመት አገሩን በየወረዳው ከፍለው ለየወረዳው ሊግ አቆሙ። ጋውሊጋ ይሉታል፤ ጋው ማለት የፓርቲያቸው ወረዳ ነው። የሠራተኞቹ ቡድኖች ፈረሱ። አይሁዳውያኑ ተጫዋቾችና አሠልጣኞች ወጡ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ የሆነው ነው። ሊጉ ገና ሳይቋቋም፣ የደቡቡ ታላላቅ ክለቦች ማንም ሳያስገድዳቸው፣ አይሁዳውያንን ከመካከላችን እናስወጣለን ብለው ፈርመው ነበር። ተሽቀዳደሙ። የሊዮን አባት ያስወጡት ከጨዋታ በኋላ አብረውት ቢራ የሚጠጡ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ልብስ ሰፊ፣ አንዱ አስተማሪ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የቀሩት ተጫዋቾች ወደ ግንባር ተጋዙ፣ ሰው ያጡት ክለቦች እየተዳበሉ ተጫወቱ፣ በመጨረሻ ሊጉ ራሱ ቆመ። መጽሐፉ ውስጥ የየዓመቱ ሰንጠረዥ አለ። ነጥቡ፣ ግቡ፣ ደረጃው ሁሉ ተሟልቷል። ማን እንደጎደለ የሚናገር ዓምድ ግን የለውም።

ይህን ሁሉ እዚያው ሜዳ ላይ ቆሜ ነገርኋቸው። ሳይረዝም አልቀረም። ከሰልፉ አንዱ፣ «ጋሼ ደግሞ ኳሱን ይዘው በርሊን ገቡ» አለና ሁሉም ሣቁ። ግርማቸው አልሣቀም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ አገር ቤት ያለውን ያውቃሉ። አምና እዚሁ ሜዳ ላይ ተደባድበዋል። እኛ ለሰላም ብለን ነው። እነዚያ ነፍሰ ገዳዮች ናቸው፤ እኛን ከእነሱ ጋር ያስተካክሉናል?» አለኝ።

«የሊዮን አባት ያስወጣው ልብስ ሰፊም ነፍሰ ገዳይ አልነበረም» አልሁት። «እሱም ሰላም ፈላጊ ነበር።»

ግርማቸው ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ቀጣዩን ተጫዋች ጠራ፤ እኔም ወንበሬን አጥፌ ተመለስሁ።

በሳምንቱ ዋንጫውን ሊወስዱ ቤት መጡ። ሻይ ቀዳሁላቸው። ከዚያ ብሎን መፍቻ አመጣሁና ፊት ለፊታቸው ስምሽን ፈታሁት። «ዋንጫው የእናንተ ነው፣ ውሰዱት። ስሙ የሚስቴ ነው» አልሁ። ግርማቸው ከረባቱን እየነካካ፣ «ሕዝቡ ምን ይላል ጋሼ?» አለ። «ሕዝቡ ቀዳዳዎቹን ያያቸዋል» አልሁት።

ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰላምታ የሚከለክሉኝ አሉ። እሱ አይከብደኝም። የከበደኝ የሐና ነው። «አባዬ፣ እማዬ ብትኖር ታስታርቅ ነበር፤ ስሟን ነቅላ በር አትዘጋም» አለችኝ። ይህን ነገር ቀን በቀን አብሰለሰልሁት። አዎ፣ አንቺ አስታራቂ ነበርሽ። ፖንቴ ማሞሎ ሁለቱ ልጆች፣ አንዱ ከድንበሩ ወዲህ አንዱ ከወዲያ፣ በጋዝ ምድጃ ተጣልተው ሲኮራረፉ፣ ኳሱን ሳታውቂ ገብተሽ ሁለቱንም ጎን ለጎን ተከላካይ አስደረግሻቸው። «ካልተጯጯሁ ኳስ አይመልሱም፤ እየተጯጯሁ ይታረቃሉ» አልሽ። በዚያ ቀን የገባብን ግብ አያድርስ ነው። ልጆቹ ግን ሲሸነፉ እየተሰዳደቡ አንድ ላይ ወጡ፤ ዛሬ አንዱ ለአንዱ ልጅ ክርስትና አባት ነው። አንቺ ስታስታርቂ ሰው ጨምረሽ ነው። እነዚህ ሰው ቀንሰው ሰላም ሆነ ይላሉ። ይህንኑ ለሐና በስልክ ነገርኋት። «ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ አባዬ» አለችና ዘጋችው።

ውድድሩ እሑድ ይጀመራል፤ ዋንጫው አሁን ስም የለውም። እንዲያርፉ የተባሉት ደግሞ ከቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለው ደረቅ ሜዳ ሊጫወቱ ተስማምተዋል። ትናንት ሰናይ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ስሟን ለእኛ ይስጡን» አለ። ልሰጠው እጄ ሄዶ ነበር። መልሼ ሰበሰብሁትና አንድ ነገር ጠየቅሁት። «ግርማቸው ራሱ ጫማውን አስሮ ቢመጣ ታጫውቱታላችሁ?»

ሰናይ ፊቱ ጠቆረ። ስላሳረፈው ሰው ነው የጠየቅሁት፤ አውቃለሁ።  «ተጠባባቂ እናደርገዋለን» አለ።

«መቼ ይገባል?»

«ሰው ሲደክም።»

ሰጠሁት። ተጠባባቂም ማሊያ ይለብሳል።

ወይንሸት፣ ስምሽ ባለበት ሜዳ ላይ ማንም ሰው አባትህ የየት ነው ተብሎ እንዳይጠየቅ፣ እግሬ እስከቆመ ድረስ እጠብቃለሁ። ሰናይና ጓደኞቹም ቢጠይቁ ተመልሼ እነቅለዋለሁ፤ ይህንንም ነግሬዋለሁ። ከእኔ በኋላ የሚጠብቀው ግን ሌላ ሰው ያስፈልጋል፣ ከሐና በቀር ደግሞ ማንም የለኝም። ስለዚህ ነገ በጠዋቱ ባቡር ኦስቲያ እሄዳለሁ። ይቅርታ አልጠይቃትም፣ ታውቂኛለሽ። ስለ አንቺ የማላውቀውን እንድትነግረኝ እጠይቃታለሁ። እሷም የማታውቀውን እነግራታለሁ። እስኪመሽ ከተቀመጥን ይበቃናል።

ባልሽ