የአባዬ ቮልስ እንደገና ቀይ እስክትሆን

ማክሰኞ፣ መጋቢት 1

ሮዝ ናት። እዚህ ማንም ስለማያየኝ ቁርጡን ልጻፈው። የአባዬ ቮልስ ቀይ መሆኗ ካበቃ ቆየ። የቆርቆሮ መጠለያዋን ንፋስ ከወሰደው ወዲህ ፀሐይ ላይ ውላ ስታድር ሮዝ ሆናለች፤ ኮፈኗ ላይማ ጭራሽ ዱቄት የተነሰነሰባት ነው የምትመስለው።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ጠዋት መድኃኒት ቤቱን ከፍቼ ሳልቀመጥ ታናሽ ወንድሜ አበራ አባዬን ለዓይን ሕክምና ከወሰደበት ከደሴ ደወለ። የአባዬ ዓይን ሞራው ተነሣ! ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየው የነርሷን ሹራብ ነው፤ «ቢጫ! ቢጫ ነው!» እያለ ክፍሉን ሙሉ አሳቀው አሉ። ለዓመታት ከጥላ በቀር ምንም ያላየ ሰው! እኔ እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል ለሳል ሽሮፕ የመጣው ሰውዬ ደንግጦ «አይዞሽ እህቴ፣ ሁሉም ያልፋል» እያለ አጽናናኝ። ደስታ ነው ብለው አላመነኝም።

ምሳ ሰዓት እቤት ሄጄ ከእማዬ ጋር ለአበራ ደወልን። አባዬ ስልኩን ነጥቆ ያለው ነገር ይኸው፦ «ቮልሷ ደህና ናት? እሑድ መጥቼ በዓይኔ አያታለሁ።»

እማዬ ቀጥ አለች። ያን ሁሉ ጊዜ አባዬ ጠዋት ጠዋት በከዘራው እየተመራ ይወጣል፣ ጣሪያዋን ይዳብሳል፣ «ቀለሟ እንዴት ነው?» ይላል። እማዬ ደግሞ ከማጀት ሆና «እንደ በርበሬ!» ትለዋለች። አንድም ቀን አላዛነፈችም። ለምን እንዲህ ትይዋለሽ ስላት «ዓይኑን ያጣ ሰው ላይ ሌላ ሐዘን ልጨምርበት?» ነበር መልሷ። አሁን ዓይኑ ሊመጣ ነው።

«መሲ፣ አንድ ነገር አድርጊ» አለችኝ። እኔ ምን አውቄ!

ረቡዕ

ሳቄ አሁንም አልበረደም።

ምሳ ሰዓት ላይ እቤት ስመጣ ቮልሷ ከሩቅ ቀልታ አየኋት። እውነት ቀልታለች፣ ታበራለች። ቀረብ ስል ሽታው መጣ። ቅቤ! እማዬ ኮፈኑንና አንዱን የጎማ መከለያ በለጋ ቅቤ አሽታዋለች። ኮፈኑ ላይ ደግሞ የጎረቤት ድመት ተቀምጣ ስትልስ አገኘኋት።

«እማዬ፣ ምን ማድረግሽ ነው?»

«ፀጉር ሲደርቅ ምን ይደረጋል? ሁዳዴ ነው፣ ቅቤውን ማን ይበላዋል? መኪና አይጾምም።»

የሚገርመው ሠርቷል። የደረቀው ቀለም ቅቤውን ጠጥቶ ቀይ ሆነ። ግን ምን ያደርጋል፣ አንድ አይሱዙ በበራችን አለፈና የመንገዱን አቧራ በሙሉ እኛ ላይ ጥሎት ሄደ። ቮልሷ እንቁላል ነክተው በዱቄት እንዳሹት ሥጋ ሆነች። እማዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ሰይድን ጥሪው» አለች።

ሰይድ ጎረቤታችን ነው፤ የስልክ ዕቃ ይሸጣል። ከሳዑዲ ከተመለሰ ወዲህ ጅዳ ስላጠባቸው መኪኖች ያላወራበት ቀን የለም። አፍንጫውን ወደ ኮፈኑ አስጠግቶ አሸተተና «እትዬ ጥሩ፣ ምነው ሚጥሚጣ ቀረ?» አላት። እማዬ በማማሰያ አባረረችው።

ሐሙስ

አጠብናት። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ሰይድ ሕግ አለው።

ቀለሙን እንዳይጭር ብሎ ቀለበቴን አስወለቀኝ። የሱንም ሰዓት አወለቀ። ጥላ ፍለጋ ቮልሷን ገፍተን ከቤቱ ጀርባ አስገባናት፤ የጋለ ቆርቆሮ ላይ ሳሙና ሲደርቅ ያበላሻል አለ። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ልጠርግ ስል ጮኸብኝ፦ «አሸዋ ነው እኮ! ፊትሽን በአሸዋ ትፈትጊያለሽ?» መጀመሪያ ውሃ ብቻ፣ ብዙ ውሃ፣ ከላይ ወደ ታች። ከዚያ ሁለት ባልዲ፤ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ ጨርቁ አቧራውን የሚያራግፍበት። ኦሞ ክልክል ነው፣ ያደርቃል። የኔን የፀጉር ሻምፑ ለብ ባለ ውሃ በጠበጥነው። ቅቤው እስኪለቅ ስንት ጊዜ እንደደገምን እንጃ።

ረመዳንም ሁዳዴም በአንድ ላይ ስለሆነ ሁለታችንም ባዶ ሆዳችንን ነን። እኔስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀመስኩ። ሰይድ ግን ያን ሁሉ ውሃ በእጁ ሲያንቆረቁር ከንፈሩ ደርቋል። እማዬ ስታየው ሆዷ አልቻለም፣ ማፍጠሪያው ሲደርስ የምስር ሾርባ ይዛለት ወጣች። «አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው» አላት። «ዕድሜው ይቅርብኝ፣ መኪናዋን አቅላልኝ» አለችው።

ታጥባ ስትደርቅ ንጹሕ ሮዝ ሆነች። ጭራሽ ገረጣች።

ዓርብ

ጣቶቼ ቀይ ናቸው፣ ገጹ ቢቆሽሽ አይገርመኝም።

ከቀትር በኋላ ፈቃድ ወሰድኩ። ሰይድም ጁምዓ ሰግዶ መጣ፣ ከጅዳ ያመጣትን የመኪና መወልወያ ቅባት፣ ፖሊሽ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ። አባዬ በማያየው ቦታ፣ በሩ ሥር፣ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ እንሞክር ተባባልን። ካረጀ ጋቢ ቀደን፣ ጥለቱን አውጥተን፣ ሰይድ ትንሽ ፖሊሽ ነክቶ በቀስታ ማሸት ጀመረ። ጨርቁን ገልበጥ ሲያደርገው ቀይ። ደም የመሰለ ቀይ።

«ያ አላህ! ቀለሙ ወጣ!»

ያ ሁሉ ጉራ የት እንደገባ! ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «ወላሂ ጅዳ እንዲህ አይቼ አላውቅም። ጨረስኳት፣ መሲ፣ ያባባን መኪና ጨረስኳት።» እማዬ «ምንድን ነው?» ብላ ብቅ ስትል ጨርቁን ከኋላዬ ደበቅኩና «ምንም» አልኳት። መዋሸት ከሷ ነው የተማርኩት።

ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮ መፈለግ ጀመርኩ። ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። ሰይድ እንደ ሕመምተኛ ዘመድ አጠገቤ ቆሞ «ምን አለ? ምን አለ?» ይለኛል። በመጨረሻ ነገሩ ገባን። ሰይድ የሚያውቃቸው አዳዲሶቹ መኪኖች ከቀለሙ በላይ እንደ መስታወት ያለ ልባስ አላቸው፤ ፖሊሹ የሚነካው እሱን ነው። የድሮ መኪና ይህ የለውም። ፀሐይ የገደለው የላዩ ቀለም ነው ጨርቁ ላይ የሚመጣው። የሞተው ይላጣል፣ በሕይወት ያለው ከሥር ይወጣል። ግን የቀረው ስስ ነውና ካበዙት እሱም ይከተላል፤ ጠርዝና እጥፋት ላይ ደግሞ ከሁሉም ይሳሳል።

በንጹሕ ጨርቅ ያቺን መዳፍ የምታህል ቦታ ጠረግኳት።

ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ቀይ! ትዝ አለኝ ቀለሟ። ልጅ ሆኜ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አጅባር ገበያ ስንሄድ የነበረችዋ ቮልስ በዚያች ቦታ ቁጭ ብላ አየኋት። ሰይድን ልስመው ምንም አልቀረኝ፣ ረመዳን መሆኑ አዳነው።

እስኪመሽ ጣሪያውንና ሁለቱን በሮች ጨረስን። እጄን ማንሳት አቅቶኛል፣ ደስ ብሎኛል።

ቅዳሜ

ኮፈኑ፣ መከለያዎቹ፣ የኋላው። ጨርቅ ሲቀላ እንጥላለን፣ ሌላ እንቀዳለን። አበራ ደውሎ ነገ በጠዋቱ መኪና እንደሚሳፈሩ ነገረኝ። ሐኪሙ የአባዬን ዓይን አቧራ እንዳይነካው ብሎ ጥቁር መነጽር ሰጥቶታል። አባዬ በስልክ ዛሬም ያው ነው፦ «ቮልሷን ፀሐይ ላይ አታቁሟት እሺ!» ስለ ሌላ ነገር ቃል የለም። እማዬ ከጎኔ ሆና ሰማችው።

አንድ አደጋ ደረሰብን። ሰይድ የግራ መከለያው እጥፋት ላይ «ትንሽ ብቻ» ብሎ ጨመረና ምስር በምታህል ቦታ ከቀለሙ ሥር ያለው ግራጫ ብቅ አለ። ከዚያ በኋላ በእጁ ሸፈነውና ማንሳት ፈራ። እማዬን ጠርተን አሳየናት፣ ሌላ ምን እናድርግ። ጎንበስ ብላ አየችው። «እሷም ሸብታለች፣ ተዋት» አለች።

በላዩ የሚቀባው ሰም፣ ዋክሱ፣ ግን ጨዋታ ነበር። ሰይድ ለራሱ መኪና ሲገዛ ሊከፍታት ያስቀመጣት ጣሳ ነበረችው፤ ዛሬ ቢስሚላህ ብሎ ከፈታት። ስስ አድርጎ መቀባት፣ ጭጋግ እስኪመስል መጠበቅ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ማንሳት። ካበዙት ለማንሳት ፍዳ ነው። ጭጋጉን ስጠርገው የራሴን ፊት ኮፈኑ ላይ አየሁ፣ ከኋላዬ ደግሞ የእማዬን። እሷም ራሷን እያየች ነበር። ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበችና፦

«መኪናዋስ ተወለወለች። እኔን በምን ትወለውሉኛላችሁ?»

ሳቅን። እሷ ግን ብዙም አልሳቀችም። አሁን ነው የገባኝ። ሳምንቱን ሙሉ ቮልሷ ቮልሷ ስትል የፈራችው ለቮልሷ አልነበረም። አባዬ ለመጨረሻ ጊዜ በደንብ ሲያያት ጥርሷ ሙሉ፣ ፀጉሯ ጥቁር ነበር። እሱም ደውሎ የሚጠይቀው ስለ መኪና! ተናደድኩበት። ሰይድ ሲሄድ እማዬን በረንዳ ላይ አስቀምጬ ከቮልሷ የተረፈውን ቅቤ ራሷን ቀባኋት፣ ሹሩባም ጎነጎንኳት። «ያው ሽበቱን አይደብቀውም» አለች በመጨረሻ።

እሑድ

መጥተዋል! ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፍ፣ ካልሆነ ይጠፋብኛል።

ጠዋት ቮልሷን ገፍተን ከአጥሩ በር ፊት ለፊት አቆምናት፣ የገባ ሰው ሁሉ ሊያመልጣት በማይችልበት። ያደረባት አቧራ እንዲሄድ ውሃ አፈሰስኩባት፤ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ተንከባለለና ይዞት ወረደ። ሰይድ ከሱቁ መጥቶ እንደ ሻጭ አጠገቧ ቆመ። ያችን ምስር የምታህል ቦታ በክርኑ ሸፍኗታል።

እማዬ የቤቱ በር ላይ ናት። ነጠላዋ እስከ ዓይኗ።

አመሻሽ ላይ አባዬ ገባ። ጥቁር መነጽር አድርጓል፣ አበራ ክንዱን ይዞታል። የአበራን እጅ አስለቀቀና ያለ ከዘራ ብቻውን መራመድ ጀመረ። እኔ ዓይኑን ሳይሆን የሚሄድበትን ነው የማየው። ቮልሷ ጋ ደረሰ። እጅጌው ነካት። አለፋት!

እማዬ ፊት ሄዶ ቆመና መነጽሩን አወለቀ። አበራ «አባዬ፣ ሐኪሙ አታውልቅ ብሎሃል!» ብሎ ጮኸ፣ ማን ይስማው። ነጠላዋን በሁለት ጣቱ ከግንባሯ ገለጥ አደረገው።

«እኔ ሳላይሽ ሸበትሽ?» አላት።

እማዬ አፏን በእጇ ያዘች። እሱ ትከሻዋን ይዞ ቀስ አድርጎ ወደ ብርሃኑ አዞራት፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ ሹሩባዋን እያየ፣ አንዱንም ሳያስቀር።

«ተው እንጂ፣ ሰው ያያል» አለችው።

«ሰውማ ሲያይሽ ኖሯል። ዛሬ ተራው የኔ ነው።»

እጇን ይዞ አስገባት። አበራ ዓይኑን ይጠራርጋል፣ እኔም እንዲያው። ሰይድ ብቻ ከቮልሷ አጠገብ ንቅንቅ ሳይል ቆሞ ቀርቷል፤ ቀስ ብሎ «ኧረ መኪናዋስ?» አለኝ። እስኪያመኝ ሳቅኩ። እሱም ሳቀና ለማፍጠር ወደ ቤቱ ሄደ።

ይህን በረንዳው ላይ ተቀምጬ እየጻፍኩ ነው፣ ብርሃኑ ሊሄድ ነው። ቮልሷ ፊቴ ቆማለች፣ ቀይ ናት፣ እስካሁን አላያትም፤ ነገ ያያት ይሆናል። ከውስጥ የእማዬ ሳቅ ይሰማኛል። አባዬ ደግሞ «ወደዚህ ዞረሽ ሳቂ» ይላታል።