ውኃ የማይቀበል አፈር

አዳማ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

በጣም ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት አማቴ፣

እንደምን ከርመዋል? አካም ጅርቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? የአርሲ ነገሌ ብርድ እንደማይስማማዎት ስለማውቅ ሳስብዎት ነው የሰነበትኩት። እኔ ከአዳማ ንፋስና አቧራ በቀር የሚያማርረኝ የለም። ስልክ ብደውል ብደውል አላነሳ ስላሉኝ ይህን በጎረቤታችን በእልፍነሽ እጅ ልኬያለሁ። እባክዎ መነጽርዎን አድርገው እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

በጥር መጨረሻ የመጡ ጊዜ የሆነውን አልረሳሁም። በረንዳው ላይ ያለውን፣ ልጅዎ ጉቱ በባልዲ የተከለውን ሎሚ አዩና ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ሰደዱ። ሲያወጡት ደረቅ ነበር። ልጄ ከሞተ ገና በዓመቱ፣ በእጁ ለተከለው ተክል እንኳ ውኃ ነፈግሽው፣ ረስተሽዋል ብለውኝ በማግስቱ ተሳፈሩ። እኔም ተናደድኩ። በየጠዋቱ አንድ ጆግ ሙሉ አፈስለት ነበር እኮ! ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከገላ መታጠቢያዬ ቀንሼ ለእሱ አስቀምጥ ነበር። ከባልዲው ሥር በቀዳዳው ወጥቶ በረንዳውን ሲያርሰው፣ ጠገበ ብዬ ደስ ብሎኝ እገባለሁ።

አሁን ደግሞ ልናዘዝ። እርስዎ ከሄዱ በኋላ በእልህ አምስት ቀን ጠብታ አልሰጠሁትም። በስድስተኛው ቀን ከነባልዲው ልጥለው አቅፌው ወጣሁ። በሩ ላይ ጋሮምሳ አገኘኝ። ግቢያችን ያለችውን ሰርቪስ ቤት የተከራየው ሰው ነው፤ ባቱ አበባ እርሻ ይሠራል፣ የሚመጣው ለቅዳሜና እሁድ ነው። ተቀበለኝና በአንድ እጁ አንጠልጥሎ፣ ውኃ የጠጣ ተክል እንዲህ አይቀልም አለኝ።

ጉቱ ያመጣው ያ አፈር ለካ ከኮኮናት ገለባ የተዘጋጀ ነው። አንዴ ክው ብሎ ከደረቀ ውኃ አይቀበልም፤ ይኮማተርና ከባልዲው ግድግዳ ይለያል። እኔ የማፈስለት ሁሉ በዚያ ክፍተት ቁልቁል ይወርድ ነበር። መሀሉን፣ ሥሩ ያለበትን፣ አይነካውም።

ጋሮምሳ የልብስ ሳፋዬን እስከ ግማሽ ውኃ ሞልቶ ባልዲውን ውስጡ አስቀመጠው። ያምኑኛል? ተንሳፈፈ! ድንጋይ ጫንንበት። አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ፤ አረፋው እስኪያቆም እንዳልነካው አስጠነቀቀኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ስናወጣው ለሁለት ነው ያነሳነው። ከዚያ ወዲህ የማጠጣው ከላይ ነው፤ ግን እንደ ድሮው ጆጉን ገልብጬ አልሄድም። አንድ ስኒ አፈስና ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ሲሰርግ ሌላ ስኒ እደግማለሁ። ላዩን የጤፍ ገለባ አልብሼዋለሁ። ዳግመኛ ጨርሶ እንዳይደርቅብኝ በየቀኑ እንደ እርስዎ ጣቴን እሰድድበታለሁ።

መቼ ደረቀ ብዬ ቀኑን ወደኋላ ስቆጥር የደረስኩበትን ልንገርዎት። በታኅሣሥ ለሙት ዓመቱ እርስዎ ዘንድ አሥራ ሁለት ቀን የተቀመጥኩ ጊዜ ነው። እኔና እርስዎ ጎን ለጎን ሆነን ስናለቅስለት፣ ሎሚው እዚህ የሚያጠጣው አጥቶ ነበር። ስለዚህ እማዬ፣ ማንን እንደምንወቅስ አላውቅም። ጉቱን ግን አልረሳሁትም። ልጅ አልወለድንም፤ እርስዎ ከተቀየሙኝ ከእሱ ወገን የቀረኝ ሰው የለም። ይህን ሳስብ እፈራለሁ።

ሎሚው አሁን ሦስት ቦታ ላይ አቆጥቁጧል። ቅጠሎቹ ገና ትንንሽ ናቸው፤ በጣት ሲያሹዋቸው ግን ይሸታሉ። መጥተው ይዩት። ፋሲካን ከእኔ ጋር ይዋሉ፣ ክፍልዎን አጽድቼ አልጋዎን አንጥፌያለሁ።

ያን ጊዜ ጋሮምሳም እዚህ ይሆናል። ጥሩ ሰው ነው እማዬ። የጉቱ ፎቶ ያለበት ሳሎን ሲገባ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ ማንም አላዘዘውም። ባለፈው እሁድ አንድ ነገር ጠየቀኝ። እሺም እምቢም አላልኩትም። መጀመሪያ የምጠይቃቸው እናት አሉኝ አልኩት።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ መንገዱንም ያቅናልዎት።

ልጅዎ

(ምራትዎ ብዬ ልፈርም ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።)