ከቢሮ ብቻህን የወጣህ ቀን

ሰይዴ፣

ደህና ነኝ ብዬ አልጀምርልህም፤ ደህና አይደለሁም። ከተለያየን ስምንት ወር ሞላ። አራት ወር ከአሥር ቀን ኢዳዬን ጨርሼ ከቤት ከወጣሁና ወደ ሥራ ከተመለስኩ እንኳ አራተኛ ወር ይዣለሁ። ይህን ሁሉ ጊዜ ልጽፍልህ እያሰብኩ እስክሪብቶ ሳነሳ እጄ እምቢ ይለኝ ነበር። ነገ ጠዋት የማደርገውን ግን ከሌላ ሰው ሳይሆን ከኔ እንድትሰማው ስለፈለግኩ፣ ይኸው በእሁድ ቀን በሩን ከፍቼ ጠረጴዛህ ላይ ተቀምጫለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ሰፈሩን ብታየው አታውቀውም። ከኛ በላይ ያለው ረድፍ በሙሉ ፈርሷል። እነ እትዬ አልማዝ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሄደዋል፤ ስልክ ሲደውሉ መጀመሪያ ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ሊፍቱ እንደማይሠራ ነግረውኝ ይስቃሉ። የኛ ረድፍ ለጊዜው ቆሟል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ እንደ ሠርግ ቤት ነው፣ ዳቦው ግን በመዳፍ የሚደበቅ ሆኗል። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ታክሲ መያዝ ትቻለሁ፤ ዳገቱን በእግሬ ነው የምወጣው። ልጃችን ሐያት ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፣ አራት ኪሎ ደርሷታል። ስትነግረኝ አንተን ልጠራ አፌን ከፍቼ ነበር። በየሳምንቱ ከግቢ ስትመጣ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኝ ነበር፤ አባቴን የመታው ማን ነው ትለኝ ነበር። እኔም በየሳምንቱ አላየሁም እላት ነበር።

አይቻለሁ ሰይዴ። ከአስር እርምጃ በማይበልጥ ርቀት ላይ ቆሜ አይቻለሁ። የመታህ ግርማ ነው። ሃያ ዓመት አብሮህ የሠራው፣ በረመዳን አንተ እያየኸው አልበላም ብሎ ምሳውን የሚተወው፣ ሐያት ልትወለድ ስትል በጎረቤት ላዳ ሆስፒታል ያደረሰኝ ወረቀት ቆራጩ ግርማ ነው።

አፌን ታውቀዋለህ። አንተ ማተሚያው ማሽን ላይ፣ እኔ ጥረዛ ክፍል ሆነን መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ቱታህም አፍንጫህም ቀለም በቀለም ነበር። እኔም በሴቶቹ ሁሉ ፊት፣ ይሄ ሰውዬ ጋዜጣ እያተመ ነው ወይስ ጋዜጣ እየታተመበት ነው አልኩ። ሌላ ወንድ ቢሆን ይቀየመኝ ነበር፤ አንተ ግን ማሽኑን አጥፍተህ ሳቅክ። ከዚያ ወዲያ ሠራተኛው በሙሉ የኔን ስድብ እንደ ደመወዝ ቀን ይጠብቀው ነበር። ካገባሁህም በኋላ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሆነህ ከተመረጥክም በኋላ፣ በሰው ፊት ስሰድብህ ትስቃለህ። ምንም ብልህ ከፍቅር እንደሆነ ታውቅ ነበር። ሰውም ያውቃል ብዬ ነበር የማስበው።

ከዚያ ኑሮው ከፋ። የብር ዋጋ በወረደ በሳምንቱ ዘይቱም ጤፉም የቤት ኪራዩም በአንድ ላይ ዘለሉ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት አቶ ምናሴ ሰብስቦን ወረቀት ተወደደ፣ ድርጅታችን ታሟል፣ ታገሱኝ አለን። በወሩ የገዛው አዲስ መኪና በግቢው በር አልገባ ብሎ፣ የበሩ ምሰሶ ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ጥረዛ ክፍል ያለን ሴቶች ምሳ ሰዓት ላይ ውሃ ጠጥተን ወደ ሥራ እንመለስ ነበር። አንዷ ልጅ ወረቀት እያጠፈች ራሷን ስታ ስትወድቅ ግንባሯ ጠረጴዛው ላይ ተፈነከተ፤ አቶ ምናሴ ደሙ የነካው ወረቀት እንዲቆጠርባት አዘዘ። አንተ ያን ቀን ነው ፊትህ የተለወጠው።

ከላይ ያለው የማኅበራት ፌዴሬሽን በደብዳቤ ትዕግሥት መከረን። አንተ ደግሞ በትዕግሥት የመጣብንን ጻፍክላቸው። የደመወዝ ጥያቄውን ስታረቅቅ የጥረዛ ሴቶችና የጽዳት ሠራተኞች ጭማሪ ከሁሉም ይብለጥ፣ እኛ ማሽን ላይ ያለነው ትንሽ ይበቃናል አልክ። ግርማ ተናዶ ነበር። እኔ ሃያ ዓመት ጣቴን ስላልቆረጥኩ ነው ከጠራጊ እኩል የምሆነው ብሎ ከስብሰባ ወጥቶ፣ በማግስቱ ይቅርታ ጠይቆህ ፈረመ። አንድ ደንብ ደግሞ አወጣህ። አሰሪው ቢሮ ማንም ብቻውን እንዳይገባ፣ ሁለት ሆኖ ገብቶ ሁለት ሆኖ እንዲወጣ። ሰው አሰሪው ፊት ብቻውን ሲቀመጥ የራሱ ኑሮ ትዝ ይለዋል ብለኸን ነበር።

ሥራ ባቆምን በሦስተኛው ቀን ጠዋት በአይሱዙ ተጭነው መጡብን። አቶ ምናሴ የላካቸው፣ ዱላ የያዙ ደብዳቢዎች ነበሩ። ግቢው ውስጥ የተቀመጥነውን ሴት ወንድ ሳይሉ ወገሩን። የአንዱን እጅ ደሙ አፌ ውስጥ እስኪገባ ነክሼዋለሁ። አንዲት ነፍሰ ጡር ልጅ በፀጉሯ ጎተቱ። ግርማ ሁለት የፊት ጥርሶቹ ረገፉ። አንተ መሐል ገብተህ ትከሻህን እየተመታህ እጃችሁን አታንሱ፣ እጃችሁን አታንሱ ትል ነበር። ሲሄዱ ግን ያልተነሳ እጅ አልነበረም። ድንጋይ የያዘ አለ፣ የበር መቀርቀሪያ የያዘ አለ፣ ግርማ የውሃ ቧንቧ ብረት ይዞ ደሙን እየተፋ ቆመ። አንድ ጠላት አምጡልን የሚል ግቢ ሙሉ ሰው ሆንን።

በዚህ መሐል የቢሮው ጸሐፊ መጥታ አቶ ምናሴ ይፈልግሃል አለችህ። ሁለተኛ ሰው ሳትይዝ ገባህ። በመስታወቱ እናይሃለን። ወንበር ሳበልህ፣ ውሃ ቀዳልህ። ስትወጣ አንድ ወረቀት በእጅህ ይዘህ ነበር፤ ፊትህ አመድ መስሏል። ነገ ሥራ እንግባ፣ ጭማሪው ለጊዜው ይቆየን አልክ። ለምን ሲሉህ ወረቀቱን በእጅህ ጨመደድከው።

እኔ ነኝ የጮህኩት። ስንት ሸጥከን ሰይድ፣ ድርሻዬን ለቤት አምጣ እንጂ አልኩ። እንደ ሁልጊዜው መሰለኝ። ግማሹ ንዴት ነበር፣ ግማሹ ጨዋታ፤ ስንት ስንት እንደነበረ ዛሬም አላውቅም። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ከኋላዬ አንዱ፣ እሰይ፣ ሚስቱ አፍረጠረጠችው አለ። አንተ ወደኔ ዞረህ አፍህን ከፈትክ፣ ከዚያ መልሰህ ዘጋኸው። ብረቱ ማጅራትህ ላይ ሲያርፍ ያሰማው ድምፅ ትንሽ ነበር። ከወደቅክ በኋላ ማን እንደረገጠህ፣ ስንት ሰው እንደረገጠህ መቁጠር አልቻልኩም። የጥረዛ ሴቶች ሳይቀሩ ረግጠውሃል ሰይዴ። ስደርስ ከጆሮህ ደም እየወረደ ነበር። ሁለት ቀን ዓይንህን ሳትገልጥ ቆይተህ ሄድክ።

ጀናዛህ ከቤት ሲወጣ በበሩ ክፍተት አየሁት። ግርማ አፉ እንዳበጠ ከሁሉም ቀድሞ ትከሻውን አስገባ። ሰው ልቀበልህ ሲለው እምቢ ብሎ እስከ መኪናው ድረስ ተሸከመህ። ኮልፌ ደርሶም አፈር ሲመልሱ አካፋውን ከእጁ የነጠቀው የለም አሉኝ። እኔ እቤት ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ያንን ትከሻ በጥርሴ ልቦጭቀው ነበር የምመኘው። ፖሊስ ሲመጣ ግን ሁሉም ግርግር ነበር አላየንም አሉ፣ እኔም አላየሁም አልኩ። ለማኅበሩ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። እውነቱን ልንገርህ፤ የግርማን ስም ብጠራ አፉን ከፍቶ ሚስቱ ምን እንዳለች ጠይቋት እንዳይል ፈርቼ ነው።

ወደ ሥራ ስመለስ አድማው ፈርሶ፣ ጭማሪውም ቀርቶ፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ አገኘሁት። ከጥረዛ ክፍል ግን አንዲት ሴት እንኳ አልተባረረችም። ምክንያቱን የነገረችኝ ጸሐፊዋ ናት፤ ደረጃው ላይ ይዛኝ እያለቀሰች ነገረችኝ። ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ የነበረው የሚባረሩ አሥራ ሁለት ሴቶች ዝርዝር ነው። የመጀመሪያው ስም የኔ ነው። አቶ ምናሴ የሚስትህን ስም ልሰርዝልህ ሲልህ ወይ ሁሉንም ሰርዝ ወይ ማንንም አትሰርዝ ብለኸዋል። እንግዲያው ነገ ሥራ ይግቡ፣ አንዲትም አትባረርም ብሎ ዝርዝሩን ሰጠህ። ደንብህን አፍርሰህ ብቻህን የገባኸው ደግሞ ጸሐፊዋ መጥታ ስትጠራህ ስሜ ከሚባረሩት መሐል እንዳለ በጆሮህ ስለነገረችህ ነው። ስለ ሚስትህ ስትለምን ሌላ ሰው እንዲያይህ አልፈለግክም። እኔ ድርሻዬን አምጣ ስልህ ድርሻዬ በእጅህ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። አንድ ቀን ከሰዓት የሚከረከም ወረቀት ይዤ ግርማ ዘንድ ሄድኩ። የመቁረጫውን ማሽን ታውቀዋለህ፤ ሁለቱም እጅ ካልተጫነው ስለቱ እንዳይወርድ ሁለት ቁልፍ ነበረው፣ ሥራ እንዲፋጠን አንዱን በሽቦ አስረውታል። ግርማ ሁለት እጁን ከስለቱ ሥር አስገብቶ ወረቀት ያስተካክላል። እጄን ቁልፉ ላይ አደረግኩ። ቀና ብሎ አየኝ፤ የፊት ጥርስ በሌለው አፉ፣ ተጫኚውና ገላግይኝ አለኝ። እጁን አላወጣም። ጣቶቹ ከቁርጥራጩ ወረቀት ጋር ሲረግፉ ታየኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ እጄን ከቁልፉ አንስቼ ወረቀቱን ጥዬለት ወጣሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የአቶ ምናሴ ጠበቃ አስጠራኝ። ባልሽን የገደለው ማኅበሩ ነው ብለሽ ፈርሚ፣ ማኅበሩ እንዲፈርስ እንጠይቃለን፣ አንቺም የጥረዛ ክፍል ኃላፊ ትሆኛለሽ አለኝ። ክራባቱን ለምን ጠበቅ አድርጎ እንደማያስረው ጠይቄው ወጣሁ። ዝም ብዬ ብቀመጥ ግን ለአቶ ምናሴ እንደምመቸው ገባኝ። አዲሱ የጭማሪ ጥያቄ ሊገባ ነው፤ ሬሳህን እያነሳ ያስፈራራናል።

ትናንት ጠዋት ከቸርችል ጎዳና ጀርባ ባለው የዕድር አዳራሽ ተሰበሰብን። ሴቶቹ ወኪላችን አንቺ ሁኚ ብለው ስሜን ጠሩ። ተነስቼ ሁሉንም ተናገርኩ። የጮህኩትን፣ ዝርዝሩን፣ ብረቱ በማን እጅ እንደነበረ። ማኅበሩ አልገደለውም፣ ግርማ ነው የገደለው፣ ያስገደልኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ የረገጣችሁም ራሳችሁን ታውቃላችሁ አልኩ። አንዷ ዘላ ሻሼን ቀደደችው። ማኅበሩን ልትቀብሪው ነው ወይ ብሎ አንዱ ወንበር ወረወረብኝ። ግርማ ተነሳና እውነቷን ነው አለ። ይህን ጊዜ ዞሩበት። ያው ሰዎች ናቸው፣ አንተን የረገጡት። ጥለውት በጫማ አፉን ሲረግጡት፣ ወላሂ አላዘንኩለትም። እግሬ ግን ሮጠ። ሄጄ ላዩ ላይ ተደፋሁ። ጎድኔን ረገጡኝ፣ ይኸው አሁን ስጽፍ እንኳ ስተነፍስ ይወጋኛል። አንተ ላይ መደፋት የነበረበትን ገላዬን ለገዳይህ ሰጠሁት። ሴቶቹ ናቸው ደርሰው የገላገሉን። ሌላ ወኪል መርጠው፣ ጥያቄውን ያለኔ ሰኞ ሊያስገቡ ተስማሙ። ደግ አደረጉ።

ለሐያት ትናንት ከሰዓት ግቢዋ ድረስ ሄጄ ነገርኳት። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም፤ ቦርሳዋን አንስታ ጥላኝ ሄደች። ዛሬ እንደ እሁድ ልማዷ ትመጣ እንደሆነ አላውቅም። በሩን የከፈትኩት ለዚያ ነው፤ እስካሁን አልመጣችም።

ሰው አንተን ሲያነሳ በወንድሞቹ እጅ ሞተ ይላል። እኔ ግን እስካለሁ ድረስ የማስታውሰው ያን ከፍተህ የዘጋኸውን አፍ ነው። ሚስቴ ከዝርዝሩ አንደኛ ናት ብትል ያ ብረት ባልወረደ ነበር። አድማው በሷ የተነሳ ፈረሰ እንዳይሉኝ ያንን ቃል ለኔ ብለህ ዋጥከው፤ እኔ ለአንተ ብዬ አንድም ቀን ምንም ቃል ውጬ አላውቅም። ይህን አልረሳልህም ሰይዴ፣ ማንም እንዲያስረሳኝም አልፈቅድም።

እንደተስማማነው ነገ ጠዋት ግርማ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ይጠብቀኛል። መርማሪው መዝገቡን ሲከፍት መጀመሪያ የማስጽፈው የእሱን ስም አይደለም፤ የራሴን ነው።

ዘሀራህ