የአባዬ ዓይንና የኔ ደም

ሰኞ፣ ግንቦት 10፣ ጠዋት
ሆስፒታል ወረፋ ላይ ነኝ። ጥቁር መነጽር አድርጌ፣ አክተር ነው የምመስለው። ግራ ዓይኔ ደም መስሏል፣ ፀሐይ ሲያይ ይወጋኛል። ዘንድሮ ሦስተኛ ጊዜው ነው። የባጃጅ ልጆች የጫት ነው እያሉ ያሾፋሉ። አቦ ተዉኝ! ከዚራ ሰፈር ላይ በአንድ ዓይን ብነዳም እበልጣቸዋለሁ።

ዶ/ሯ አልሳቀችም። ጠዋት ወገብህ ይደርቃል ወይ አለችኝ። እንዴት አወቀች? እኔ የባጃጁ ወንበር መስሎኝ። ደም ተወሰደ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 13
ጠብታ በየሰዓቱ። ባጃጅ ዳር አቆማለሁ፣ አንጋጥጣለሁ፣ ተሳፋሪ ይስቃል። እየቀለለኝ ነው።

ስማ ደብተር፣ ቤት አልተናገርኩም። አባዬ ግራ ዓይኑ ከጠፋ ሃያ ዓመቱ። ሽመንደፈር፣ የባቡሩ ጋራዥ ሲሠራ ጓደኛው ጋሽ ከድር ሳይነግረው ብየዳ ለኮሰ፣ ብልጭታው ዓይኔን በላው ይላል። አንድ ሰፈር ናቸው፣ አይነጋገሩም። ለአረፋ እንኳ ሁሉም ቤት ገብቶ የከድርን በር ይዘላል።

ሰኞ፣ ግንቦት 17
ውጤት መጣ። ደሜ ውስጥ ቢ-27 የሚባል ምልክት አለ። የሰውነቴ ዘበኛ የቤቱን ሰው፣ ዓይኔንና ወገቤን፣ ሌባ ብሎ ይደበድባል ማለት ነው። ዘበኛዬም እንደኔ ኃይለኛ! ምልክቱ ያለው ሁሉ አይታመምም፣ ግን ከወላጅ ይወረሳል አለች ዶ/ሯ። ቤት ውስጥ ወገቡ የደረቀ፣ ዓይኑ እየተመላለሰ የሚቀላ አለ? አለችኝ።

የአባዬን ነገርኳት። አባዬ ዞር ሲል ወገቡ እንደ ሐዲድ ነው፣ ሙሉ ሰውነቱ ነው የሚዞረው። ቀኝ ዓይኑ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ቀልቷል። አቧራ ነው ይላል። ሳላየው የብየዳ ነው አይደለም አልልም፣ ቶሎ አምጣው አለች። ቀኙም ከጠፋ ጨለማ ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 18፣ ከሰዓት
ነገርኩት። መነጽሬን አውልቄ የኔን አሳየሁት። በከዘራው ሊመታኝ ነበር። "ወሪያ! የኔን ደም ነው የምትሰድበው? ከድር ነው ያጠፋኝ!"

እኔም ጮህኩበት። ከድር ባይሆንስ አልኩት። ቁጭ አለ። ምሳ አልበላም። ሃያ ዓመት ሙሉ ያኮረፈ ሰው ምን ይበል? እኔ ማንንም አልፈራም፣ ዛሬ ግን ከፊቱ ሸሸሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 19፣ አረፋ
ከሶላት ተመለስን። አባዬ ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ፣ ሳልለምነው ባጃጄ ውስጥ ገባ። ሆ/ል ድንገተኛ ክፍል ልወስደው ነው። ፀሐዩ ዓይኑን ወጋው፣ መነጽሬን አደረግኩለት። ከኔ በላይ አክተር መሰለ ወላሂ።

ቁልፍ ረስቼ ቤት ስገባ ከኋላዬ ተጣራ። በከድር ቤት በኩል ንዳ አለኝ። ያ መንገድ እኮ ወደ ሆ/ል አይወስድም። ቁልፉን አንስቼ ይቺን እየጻፍኩ ነው። ክላክስ እያደረገ ነው፣ ልሂድ፣ በከድር በር በኩል።